አለቃው ኪስ ያለው ማኅተም

ደሴቲቱ ከሐይቁ ተነቅላ ወደ ሰማይ የወጣች ቀን ገመድ ገማጇ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበረች። ሕዝቡ በጀልባ ተርፎ በወደቡ ከተማ አሮጌ መጋዘኖች ውስጥ ሰፈረ። ይኸው ሠላሳ ዓመት ሆነው። ደሴቲቱም እዚያው ሰማይ ላይ እንደተንጠለጠለች አለች፤ ጠዋት ጠዋት ጥላዋ ሰፈሩን ይሸፍነዋል።

መጋዘን ሰፈር የራሱ ዳኛ የለውም። ጎረቤት ቢጣላ፣ ልጅ ቢዳር፣ ሰው ቢሞት፣ ከተማው የሾመው አለቃ ካላተመበት አይሆንም። አለቃው ከቋንቋቸው አንዲት ቃል አያውቅም፤ ሲያሻው ይመጣል፣ ካላሻው ይቀራል። አምና የገማጇ አባት ሲሞቱ፣ አስከሬናቸው ማኅተም ሲጠብቅ ሦስት ቀን ከረመ። ከዚያ ወዲያ ነው ሴትዮዋ ሹሞቹን አላስቀምጥ አላስቆም ያለችው፤ ሰፈሩም ወኪል አድርጎ መረጣት።

ሰፈሩ ራሱን ያስተዳድር ብላ የከተማው ቢሮ ስትሄድ ይህ ሰባተኛዋ ነው። ገመድ የላጠውን መዳፏን ቀሚሷ ላይ ጠርጋ ጸሐፊው ፊት ቆመች።

"እትዬ፣ ደግሞ መጡ?" አላት፣ ቀና ሳይል።

"መቼ ሄድኩና?"

"ሕጉን ነግሬዎታለሁ። ራሱን የሚያስተዳድረው በገዛ መሬቱ ላይ ያለ ሕዝብ ነው።"

"መሬታችን ሄደብን እኮ።"

"የት ሄደ?" በመስኮቱ ወደ ላይ፣ ወደ ደሴቲቱ አመለከተ። "ያው አለ አይደል? ወጥቶ መተዳደር ነው፤ ማን ከለከላችሁ?"

"ደግ። እንግዲያው ባለመሬት ናቸው ብለህ ጻፍልኝ።"

"እሱንማ አልችልም። የማይረገጥ መሬት መዝገብ አይገባም።"

"አንዱን ምረጥልኛ፣ የኔ ልጅ። አለን ወይስ የለንም?"

ጸሐፊው ራሱን አከከና ከመሳቢያው አንድ ወረቀት አውጥቶ ሰጣት። ሰፈሩ ዳኛ እንዲመርጥ ተፈቅዷል ይላል፤ ማኅተሙ ግን አለቃው ዘንድ ይቀመጣል።

ቤት ስትገባ አክስቷ ወረቀቱን አስነብባ ሰማች። "ተቀበይው ልጄ፤ ከምንም ይሻላል" አለቻት።

"አክስቴ፣ አባቴን ሦስት ቀን ሳይቀበር ያስቀመጠው እኮ ማኅተሙ ነው።"

ሰፈሩ ሲከራከር ውሎ ሽማግሌውን ጀልባ ሠሪ ዳኛ አደረገ፤ ማኅተም አንለምንም ተባለ። ዓመት ሙሉ ሁለት ጎረቤታሞችን ያባላ የግድግዳ ጠብ በአንድ ከሰዓት በኋላ አለቀ፤ ግድግዳውም በፍርዱ መሠረት ተሠራ። በሳምንቱ አለቃው መዶሻ ይዞ መጣና ዳኝነት የሚታይበትን የመሰብሰቢያ መጋዘን በር በሚስማር ቸነከረው። ሰፈርተኞቹ ከየቤታቸው አግዳሚ ወንበር አውጥተው መንገድ ዳር ለዳኝነት ተቀመጡ። ቀጥሎ ደብዳቤ ደረሳቸው፦ ያለ ማኅተም የተሰጠ ፍርድ ሁሉ እንዳልተሰጠ ይቆጠራል፤ ቅሬታ ያለው አዲስ ማመልከቻ ያቅርብ።

"እንግዲህ ግድግዳውን መልሰን እናፍርሰው?" አለ ጀልባ ሠሪው።

ገማጇ በማግስቱ ቢሮ ሄደች፤ ማመልከቻ ግን አልያዘችም።

"ምን ልርዳዎት?" አላት ጸሐፊው።

"ወንበር አምጣልኝ። ዛሬ አልሄድም።"

ወንበሩን ሲነፍጋት ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ባለጉዳይ እየተሻገራት ሲያልፍም አልተነሳችም። ቢሮው ሲዘጋ ዘበኛው ክንዷን ይዞ አስወጣት። በነጋታው ጀልባ ሠሪው አብሯት መጣ፤ በሦስተኛው ቀን አክስቷ ወገቧን ይዛ እያጉረመረመች ከጎናቸው ተቀመጠች።

ማኅተሙ እስካሁን አለቃው ኪስ ውስጥ ነው። እነሱም ቢሮው ሲከፈት ይገባሉ፣ ሲዘጋ ይወጣሉ።