ሁለት አንባቢ በአስቸኳይ

ወይዘሮ አጸደ ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ አነበበችው። ሦስት ጊዜም ያው ነው። «ከሰኔ 30 በፊት ቢያንስ ሁለት አንባቢ ያላሟላ ቤተ መጻሕፍት ይዘጋል፤ መጻሕፍቱም ቡራዩ ወዳለው መጋዘን ይገባሉ» ይላል። ከሥሩ ማኅተም አለ፤ ከማኅተሙ ሥር ደግሞ «ዲጂታል አገልግሎት ለሁሉም!» ተብሏል።

ሌላ ሰው ቢሆን ይስቅ ነበር። ሁለት አንባቢ! ሰበታን ለሚያህል ከተማ! አጸደ ግን አልሳቀችም። ሃያ ስድስት ዓመት በቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ወንበር ላይ የኖረች ሴት ራሷን አታታልልም፤ ያላት አንባቢ አንድ ነው።

አዳራሹ ባዶ ነው ያለ የለም። ዋይፋይ ከገባ ወዲህማ መቀመጫ አይገኝም፤ ወጣቱ ገና በር ሲከፈት ጀምሮ ሶኬት ይሻማል። መቅዲ የምትባለዋ ኮረዳ ጀርባዋን ለመደርደሪያው ሰጥታ ከስልኳ ጋር ስትስቅ ትውላለች። አጸደ አንድ ቀን «የኔ ልጅ፣ አንድ መጽሐፍ እንኳ ብትገልጪ ምናለ?» ብትላት «ፒዲኤፉ የለም?» አለቻት። ከልቡ የሚያነብ ሰው ቢፈለግ መስኮቱ ሥር የሚቀመጡት ኦቦ ራያ ብቻ ናቸው፤ ጡረታ ከወጡ ጀምሮ አንድ ቀን አልቀሩም።

አጸደ እንግዲህ ሁለተኛውን ፍለጋ ወጣች። ጎረቤቷ ሮማነወርቅ «ዓይኔን ያመኛል» አለቻት፤ ያን የሚያመውን ዓይኗን ከስልኳ ላይ ሳታነሳ። በመጨረሻ የተገኘው ከሶዶ መጥቶ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የተቀጠረው ዳና ነው።

«ፈተና አለው?» አላት።

«ኧረ የለውም።»

«ታዲያ ለምን ይነበባል?»

«ግዴለህም፣ ለእኔ ስትል አንብብልኝ።»

ለእሷ ሲል ጀመረ። በሁለተኛው ሳምንት ግን ከሥራ እንደወጣ እየሮጠ የሚመጣ ሆነ፤ ኦቦ ራያ የልብ ወለዱን መጨረሻ ሊነግሩት ሲሞክሩ «ኦቦ፣ በእግዚአብሔር ይተዉኝ!» እያለ ጆሮውን ይይዛል። አጸደ እንቅልፏን አገኘች።

ሰኔ 20 ገደማ ደብዳቤውን ከላከው ጽሕፈት ቤት ወንዲ የሚባል ባለሙያ ደወለ።

«አንባቢ አሟልተዋል?»

«ሁለት አሉኝ። አንዱ የቆየ፣ አንዱ አዲስ።»

«ጎበዝ! ከየት የመጡ ናቸው?»

«የቆየው የዚሁ የሰበታ ነው። አዲሱ ከሶዶ ነው የመጣው።»

«ሶዶም መገጣጠም ተጀመረ? ደስ ይላል። ፍጥነታቸውስ?»

«የቆየው ቀስ ይላል እንጂ አይሳሳትም። አዲሱ ፈጣን ነው፤ የሰው ስም ሲበዛ ብቻ ይምታታበታል።»

«ሶፍትዌሩ ይታደሳል፣ አያስቡ። መብራት ሲጠፋስ?»

«መስኮቱ ጋ ከተጠጉ ያነባሉ።»

«ሶላር!» አለ ወንዲ፣ ሲጽፍ እየተሰማ። አጸደ አንዳንዱ ቃል ግራ ቢገባትም የመንግሥት ሰው እንዲህ ነው የሚናገረው ብላ አለፈችው። ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው ይባል የለ!

ጉዱ በሳምንቱ ዓርብ ካርቶን ይዞ መጣ። «ሱሉልታዎች ምንም የላቸውም» አለ ወንዲ፣ «ለእናንተ በኋላ ሌላ ይመጣል፤ አዲሱን ለእነሱ ልወስድ ነው። የቆየው ይወገዳል።»

«ምን ይሆናል?» አለች አጸደ፣ ኦቦ ራያን ዘወር ብላ እያየች።

«ይወገዳል፤ መመሪያ ነው። የታሉ?»

እጇን ወደ መስኮቱ ዘረጋች። ኦቦ ራያና ዳና አንገታቸውን ደፍተው ያነባሉ። ወንዲ ጠረጴዛው ላይ አየ፣ ጠረጴዛው ሥር አየ፣ ከዚያ ሳቁ ሊያፈነዳው ደረሰ። «እማማ! አንባቢ ማለት እኮ ማሽኑ ነው! የመጽሐፉን ባርኮድ ጢጥ አድርጎ የሚያነበው!»

«ባርኮድ የሚል ደብዳቤው ላይ የታለ?»

«ቃሉ ረዘመ ተብሎ ወጣ።»

አጸደ ወንበሯ ላይ ዘጭ አለች። ወንዲ ክፉ ልጅ አይደለም፤ አለቃው ዘንድ ደወለላት። «ሁለት ሰዎች ግን እያነበቡ ነው» ሲል ይሰማል። አለቃው ምን እንዳለው እንጃ፣ ስልኩን ዘግቶ ፎርሙን አወጣና «አንባቢ፦ የለም» ብሎ ጻፈ፤ ፈረመ፤ ማኅተም አደረገ። ኦቦ ራያ ገጽ ገለጡ። «ሰኞ መኪና ይመጣል» አለ ወንዲ፣ እያፈረ።

ማታውን አጸደ አለቀሰች። ቡራዩ መጋዘን የገባ ነገር ሲወጣ አይታ አታውቅም። በማግስቱ ቅዳሜ ግን በሩን ከወትሮው ቀድማ ከፈተችና መሐል አዳራሽ ቆማ እንዲህ አለች፦ «ስሙኝ ልጆች! ሰኞ እንዘጋለን። ዋይፋዩም አብሮ ይሄዳል። መጽሐፍ የፈለገ ይውሰድ፤ ካርድ የለም፣ ቀጠሮ የለም። አንብባችሁ ለሌላ ሰው ስጡ፣ በቃ።»

ሁሉም ወደ ስልኩ ተመለሰ። ከዚያ መቅዲ ስልኳን አነሳች፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ዞራ መደርደሪያውን እየቀረጸች «ቤተሰብ፣ ሰበታ መጽሐፍ በነፃ! እስኪያልቅ ብቻ!» አለች። ወይ ስልክ! ሃያ ስድስት ዓመት አጸደ ለምና ያላመጣችውን ሕዝብ በሁለት ሰዓት ጠራርጎ አመጣው። የዳና የሥራ ባልደረቦች ከፋብሪካው መጡ፤ ከተጂ በሚኒባስ፣ ከመናገሻ በሞተር የመጣም አለ። ሰልፉ አስፋልት ነካ። ሮማነወርቅ እንኳን ዓይኗ ድኖ ሦስት መጽሐፍ ታቅፋ ወጣች። ኦቦ ራያ በሩ ላይ ቆመው «አካም፣ አካም፣ ግባ!» እያሉ ያስተናግዱ ነበር።

ሰኞ ወንዲ አይሱዙ አስከትሎ መጣ። ገባና ደነገጠ። መደርደሪያው ራቁቱን ቆሟል።

«መጻሕፍቱስ?»

«አንባቢ ወሰዳቸው።»

«የቱ አንባቢ?»

«ያንተው ነዋ፤ የለም ብለህ የፈረምክበት።»

ወንዲ ፎርሙን አወጣ፣ የገዛ ፊርማውን አየ፣ አጥፎ ኪሱ ከተተው። የለም ተብሎ በማኅተም የጸደቀን አንባቢ ማን ይከሰዋል? ሾፌሩን «እንሂድ» አለው። አይሱዙው ባዶውን እየተንገጫገጨ የቡራዩን መንገድ ያዘ።

አጸደ ቁልፉን ለወንዲ አስረክባ ወጥታ ነበር። ከውጭ በኩል ቆማ በመስኮቱ ወደ ውስጥ አየች። እሷ ያን ሁሉ ዓመት የተመኘችው አንድ መጽሐፍ እንኳ ያልቀረበት መደርደሪያ ነበር፤ እነሆ አገኘችው። እንባዋ መጣ፤ አልጠረገችውም።