የሦስተኛዋ ሟች ደም

ጥርስ ሠሪው ቀኑን የሚገፋው ሐሰቱን እውነት በማስመሰል ነው። ሐኪሞች የላኩለትን የአፍ ልክ ከፊቱ ደርድሮ፣ ለአንዱ ሲጋራ ያጠየመው፣ ለሌላዋ ሻይ የነካው እያስመሰለ፣ ነጭን ከነጭ ሲያማርጥ ይውላል። ቅዳሜና እሁድ ደግሞ የሌሎችን ማስመሰል ያጋልጣል። በእፍኝ ገንዘብ የተሠሩ፣ ጭምብል ያጠለቀ ሰው ቢላዋ ይዞ ያገኘውን ሁሉ የሚያሳድድባቸውን ፊልሞች እንደ እሱ የሚወድ የለም። ስለነሱ በስልኩ የሚጽፈውን አስተያየት ስድስት ሺህ ሰው ይከታተለዋል። «ዶክተር ደም» ይሉታል። ሲጠሩት ያፈረ ይመስላል እንጂ በሆዱ ደስ ይለዋል።

አንዱን ፊልም ሦስት ጊዜ ያያል። መጀመሪያ እንደማንም ሰው ለመደንገጥ፣ ቀጥሎ ድምፁን አጥፍቶ፣ በመጨረሻ የሟቾቹን ቦታ ብቻ ምስሉን እያስቆመ። ደሙ የወጣው ከቁስሉ ነው ወይስ ብብት ውስጥ ከተደበቀ ቱቦ? ቀለሙስ? ፍጥነቱስ? ሁሉንም በደብተር ያሰፍራል።

በዚህ ዓመት ታላቅ እህቱ ፊልም ውስጥ ሞተች።

እህቱ በልብስ ስፌት ፋብሪካ አሥራ አምስት ዓመት ኮሌታ ስትሰፋ የኖረች ሴት ናት። የአንድ እንዲህ ያለ ፊልም ዳይሬክተር መጀመሪያ ወደሷ የመጣው የተዋንያኑን ልብስ እንድትሰፋለት ነበር። ኋላ ግን ሦስተኛዋን ሟች፣ አራት ዓረፍተ ነገር ተናግራ የምትገደለውን የጽዳት ሠራተኛ፣ ሁኚልኝ አላት። ልጅ ሳለች ታናሿን አልጋ ላይ አስቀምጣ፣ አንሶላ ለብሳ ንግሥት ትሆንለት የነበረች ሴት ይህን ስትሰማ እንዴት እንደሆነች መገመት አያቅትም። እሱ ቀረጻው ቦታ ድርሽ አላለም። ሲሠራ ባየው ፊልም ላይ መፍረድ አይሆንለትም። እሷም ይህን ታውቃለች።

«እንደ እህትህ እንዳታየኝ» አለችው። «እንደማንኛዋም እየኝ።»

አንድ ቀን ቀኝ እጇን በፋሻ ጠቅልላ ስትመጣ፣ ዕቃ ሳጥብ ብርጭቆ ተሰብሮብኝ ነው አለችው። አመናት።

ፊልሙ በአዳራሽም በኢንተርኔትም ወጣ። ሦስት ጊዜ አየው። ወደደውም። ከመጋረጃ የተሰፋውን ጭምብል አደነቀ፣ የገዳዩን ማነከስ አደነቀ፣ የሁለተኛዋን ሟች ደም «እጅ ያስታጥባል» ብሎ ጻፈ። ከዚያ እህቱ የምትሞትበት ቦታ ላይ ደረሰ። ጣቱ ቢያመነታም ከመጻፍ አልተመለሰም፦

«የሦስተኛዋ ሟች ደም ግን ፊልሙን ገደለው። ጠቁሯል፤ ይዘገያል፤ የበሩ መስታወት ላይ በመረጨት ፈንታ እጅጌዋ ውስጥ ይሸሸጋል። ተዋናይቱም መጮህ ሲገባት ዝም ብላ እጇን ታያለች። እንዲህ የሚደማ ሰው የለም።»

ለገዛ እህቱ እንኳ ባለማድላቱ ኮራ።

አራት ቀን አልደወለችለትም። በአምስተኛው ከሥራ ሲወጣ ቤቷ ሄደ። ጠረጴዛው ጋ ተቀምጣለች፤ ፋሻው ተፈቷል። ሁለት ጣቶቿ አይታጠፉም።

ጉዱን ያኔ ነገረችው። ሟቿ በምትወድቅበት በር ላይ በመስታወት ፈንታ ቀጭን ፕላስቲክ ይገባል ተብሎ ነበር፤ በቀረጻው ቀን ፕላስቲኩ ተሰነጠቀ፤ ሌላ የሚገዛበት ገንዘብ ስላልነበረ እውነተኛ መስታወት ገባ። ዳይሬክተሩ ቀስ ብለሽ ውደቂ አላት። ወደቀች፤ የእጇ ጅማት ተበጠሰ፤ ካሜራው አልቆመም። ፊልሙ እስኪወጣ አታውሪው፣ ከዚያ የት እንደተጎዳሽ ወረቀት እጽፍልሻለሁ ብሎ ማለላት። ፋብሪካው ደግሞ ያን ወረቀት ካላመጣሽ የቀረሽው ያለ ፈቃድ ነው፣ ማሽንሽን ለሌላ እንሰጣለን ብሏታል። ትናንት ዳይሬክተሩ ዘንድ ሄዳ ነበር። ስልኩን አውጥቶ የወንድሟን ጽሑፍ አሳያት።

«ምን አለሽ?»

«ወንድምሽ ራሱ ቀለም ነው ብሎ ፈርዷል፤ ከሱ በላይ ደም የሚያውቅ ማን አለ? አለኝ።»

ክው አለ። «ለምን አልነገርሽኝም፣ እትዬ?»

«ብነግርህ ታዝንልኝ ነበር» አለች። «እኔ የፈለግሁት እንድታየኝ ነው።»

እዚያው ተቀምጦ ጻፈ። ደሙ እውነተኛ ነው፣ ሴትየዋ እህቴ ናት፣ ስህተቱ የእኔ ነው፣ ዳይሬክተሩ ወረቀቱን ይስጣት አለ። ሰዓት ሳይሞላ መልሱ ጎረፈ። አንዱ ዶክተር ስንት ከፈሉህ አለው። ሌላው ማስታወቂያ ማለት እንዲህ ነው ብሎ አደነቀ። እውነተኛ ደም ከሆነማ ቅዳሜ ሄጄ አያለሁ ያሉት ብዙ ናቸው። ዳይሬክተሩም ከሥር «ዶክተራችን፣ ውለታህን አንረሳም» ብሎ ጻፈ። ቅዳሜ አዳራሹ ጢም አለ።

ወረቀቱ አልመጣም። ፋብሪካው የስልክ ወሬ አንቀበልም አለ። ማሽኗ ላይ ሌላ ሴት ተቀመጠች።

እሁድ ከሰዓት በኋላ እህቱ ፊልሙን አሳየኝ አለችው። እስከዚያ ቀን አላየችውም ነበር። የሷ ቦታ ሲደርስ ሊዘለው ቢል ከለከለችው። መስታወቱ ተሰበረ፤ የጽዳት ሠራተኛዋ ወደቀች፤ እጇን እያየች ዝም አለች። እህቱ ወደፊት ጠጋ ብላ ተመለከተች። ወደ ኋላ መልስልኝ አለችው፤ መለሰላት። የሁለተኛዋን ሟችም አሳየኝ አለችው፤ አሳያት።

«እውነቱን ንገረኝ» አለች። «የሷ ይሻላል?»

ጥርስ ሠሪው ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ሊዋሽላት አፉን ከፈተ፤ እሷ ዓይኗን ከፊቱ አልነቀለችም።

«ይሻላል» አላት።

ራሷን ነቀነቀች። «ቅድም ሳየው» አለች፣ «እኔም ቀለም መሰለኝ።»