ፀሐይ ስትወጣ የሚጠፋው መስመር

ጋሽ ሙሐዲን የአየር ጤናውን የመለዋወጫ ሱቅ ለልጆቻቸው ካስረከቡ ወዲህ የያዙት ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ ዳማና ጣሪያ። ዳማውን የሚጫወቱት ከልጅነት ጓደኛቸው ከጋሽ መኳንንት ጋር ነው። ጣሪያው ደግሞ የሰው ጣሪያ ነው። በዚህ ዕድሜ ሰው ጣሪያ ላይ ምን ይሠራሉ ያላችሁ እንደሆነ፣ አንቴና ያስተክላሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮልፌ ውስጥ ጥቂት ሰዎች እሑድ እሑድ ቤታቸው ተጋድመው መዋል ሲችሉ፣ ከጣሪያ ጣሪያ አንቴና እያያያዙ ለሰፈሩ የራሱን የገመድ አልባ መስመር ዘርግተውለታል። የቀጠራቸው የለም፣ የሚከፍላቸውም የለም። በመስመሩ የሰፈር ሰው እርስ በርሱ በነፃ ይደዋወላል፤ ተማሪው መጽሐፍ ያወርድበታል። ጎረቤት "ሥራ ፈቶች" ይላቸዋል፤ መስመሩ የጠፋ ቀን ግን በራቸውን የሚደበድበው ያው ጎረቤት ነው። አለቃቸው ሲሃም ናት። ባንክ ቤት ኮምፒውተር ስትጠግን ሳምንቱን ሙሉ ውላ፣ እሑድ ደግሞ መፍቻ ኪሷ ከትታ ጣሪያ ላይ የምትገኝ ልጅ ናት። ለሊሳ የሚባል የፊዚክስ መምህርም አለ። ጋሽ ሙሐዲን በዕድሜ የሁሉም አባት፣ በጭቅጭቅ የሁሉም ታናሽ ናቸው። ጉልበታቸው ካስቸገራቸው ወዲህ ከታች ሆነው መሰላል ይይዛሉ፤ ትእዛዝ መስጠቱን ግን አላቆሙም።

ጋሽ መኳንንት ያሉት ቀራንዮ ነው። ስኳር ዓይናቸውን ከጋረደው ወዲህ ከደጃፍ አልፈው አያውቁም። ጋሽ ሙሐዲንም በዚያ ጉልበት ታክሲ ተሰልፈው፣ ተጋፍተው፣ በየቀኑ ሊሄዱላቸው አልቻሉም። ስለዚህ ከቀትሩ የዙሁር ሶላት በኋላ በመስመሩ ይደዋወላሉ። ሁለቱም ፊት የዳማ ሰሌዳ አለ። ለእያንዳንዱ ቤት ቁጥር አውጥተውለታል፤ ጠጠሩ የለስላሳ ቆርኪ ነው። ጋሽ መኳንንት በጣታቸው እየዳበሱ ጥርሱ ወደ ላይ የሆነው የማን፣ ወደ ታች የሆነው የማን እንደሆነ ያውቃሉ። ዓይናማ ሳሉ ከሚጫወቱት ይልቅ ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ የሚጫወቱት ይበልጣል፤ ጋሽ ሙሐዲን ይህን ማመን አይፈልጉም እንጂ።

ከመስከረም ወዲህ ታዲያ ይህ መስመር ዓመል አወጣ። ሰማዩ ሲዳምን ጥርት ብሎ ይሰማል። ፀሐይ ፍንትው ያለች ቀን ግን ጨዋታው መሐል ላይ ድርግም ይላል። ዝናብ መስመር ሲያበላሽ ነው የሚታወቀው፤ ፀሐይ የምትጠላውን መስመር ማንም ሰምቶ አያውቅም። ለሊሳ "ሙቀት ነው" ብሎ ለአንቴናው የቆርቆሮ ባርኔጣ ሠራለት። አልሆነም። ሽቦውን ቀየሩት፤ አልሆነም። እሑድ እሑድ ወጥተው ሲያዩት ደግሞ ምንም እንከን የለበትም፤ እንዲያውም ከሁሉም የሚያምረው እሱ ነው።

ጋሽ ሙሐዲንን ያስጨነቃቸው ግን መቋረጡ ብቻ አልነበረም። ድሮ ጨዋታ ሲቋረጥባቸው ጋሽ መኳንንት በማግሥቱ የስድብ መዓት ነበር የሚያወርዱት። አሁን ግን ለስለስ ባለ ድምፅ፣ "ምንም አይደል ሙሐዲን፤ እንደገና እንጀምር" ይላሉ። መኳንንት የማይሳደበው ሲሰለቸው ነው። "ሰልችቼዋለሁ ማለት ነው" አሉ ጋሽ ሙሐዲን በልባቸው፤ ስልሳ ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረው ጓደኝነት በአንድ የተበላሸ ዕቃ ምክንያት ከእጃቸው ሲያመልጥ ታያቸው።

በዚህ ላይ ሲሃም አንድ እሑድ ቁርጡን ነገረቻቸው።

"ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና የቀራንዮውን እናውርደው። የሚጠቀመው አንድ ቤት ነው፤ ለሱም ቢሆን በደንብ አይሠራም። አየር ጤና በኩል አንቴና የሚጠብቁ ስንት ቤቶች አሉ።"

"አንድ ቤት፣ ቤት አይደለም?"

"ቤትማ ነው። ግን ሌላ ትርፍ ዕቃ የለንም። ረቡዕ ከሥራ ፈቃድ ወስጃለሁ፤ እርስዎ አይልፉ፣ እኔው አወርደዋለሁ።"

"እመጣለሁ" አሉ ጋሽ ሙሐዲን። "ቀብር አይቀርም።"

የሚወርደው አንቴና ያለው በኮልፌና በቀራንዮ መሐል፣ እትዬ ዋጋነሽ ቤት ላይ ነው። ቤቱ ባለ አንድ ፎቅ ሲሆን ጣሪያው ጠፍጣፋ የሲሚንቶ ሶሌታ ነው፤ እስከ ላይ ድረስ ደረጃ አለው። ረቡዕ ከቀትር በኋላ ፀሐይዋ ታቃጥል ነበር። እትዬ ዋጋነሽ ክንዳቸው ድረስ አረፋ ለብሰው በሩን ከፈቱላቸውና፣ "ዛሬ ደግሞ በሥራ ቀን መጣችሁ?" ብለው ተገረሙ። ሲሃም ቀድማ ወጣች። ጋሽ ሙሐዲን ደረጃውን አንድ በአንድ እየተጠነቀቁ ሲወጡ ገና መሐሉ ላይ ሳሉ ድምፅዋን ሰሙ።

"ጋሼ፣ ቶሎ ይምጡ እስቲ።"

ሲደርሱ ሶሌታው በብርድ ልብስ ተሞልቷል። ከአንቴናው ብረት እስከ ውሃ ታንከሩ ማቆሚያ በተዘረጋ ሽቦ ላይ፣ ነብር የተሳለባቸው የቤርጎ ብርድ ልብሶች ውሃቸውን እያንጠባጠቡ ተሰጥተዋል። አንደኛው ነብር አንቴናው ፊት ላይ ተገትሮ ቀራንዮን ጋርዶታል። የለሊሳ የቆርቆሮ ባርኔጣ ከኋላው ትንሽ ብቅ ብላለች።

ሲሃም ሳቋ አመለጣት። "ፀሐይ የሚጠላ መስመር! ውሃ የጠጣ ብርድ ልብስ እኮ ሞገዱን ውጦ ነው የሚያስቀረው። ሲዳምን እሳቸው አያሰጡም፤ እኛ ደግሞ ሁልጊዜ የምንመጣው እሑድ ነው።"

"እሑድማ ቤተ ክርስቲያን ነኝ" አሉ ተከትለዋቸው የወጡት እትዬ ዋጋነሽ። "የሰፈራችንን ቤርጎ እጥበት ከመስከረም ጀምሬ ነው የያዝኩት፤ አጥቤ የማሰጣውም ቀትር ሲያልፍ ነው። ምነው፣ አጠፋሁ እንዴ?"

"እርስዎ ምንም አላጠፉም እትዬ። ግን ማነው ማስጫ ሽቦ ከአንቴና ብረት ላይ የሚያስረው? ምን ዓይነት ሰው ነው?"

እትዬ ዋጋነሽ ጋሽ ሙሐዲንን አየት አደረጓቸውና ወዲያው ዓይናቸውን ወደ ብርድ ልብሶቹ መለሱ። ጨዋ ሴት ናቸው።

ጋሽ ሙሐዲን ትዝ አላቸው። ቡድኑ ለጣሪያ ኪራይ አይከፍልም፤ ከፍሎም አያውቅም። አንቴና የተከለበትን ቤት ግን አንድ ነገር ሳይሠራለት አይወርድም። የሚያፈስ ቧንቧ ካለ ይጠግናል፣ የወለቀ በር ይገጥማል። አንቴናው እዚህ የተተከለ ጊዜ እትዬ ዋጋነሽ ምንም አልፈልግም ብለው ነበር። "አይሆንም፣ ወጋችን ነው" ብለው የተከራከሯቸው ያኔ ገና መሰላል ይወጡ የነበሩት ጋሽ ሙሐዲን ናቸው። እትዬ ዋጋነሽ የልብስ ማስጫ ሽቦ ከተዘረጋልኝ ይበቃኛል ሲሏቸውም፣ "ከዚህ ብረት የበለጠ ጠንካራ ከየት ይመጣል!" ብለው በገዛ እጃቸው ጠምዝዘው አሰሩት። ለሊሳ እንኳን "ጋሼ፣ ሌላ ቦታ ይሻላል" ብሎ ነበር፤ ዝም አሰኝተውታል።

"እኔ ነኝ" አሉ።

ሲሃም የሽቦውን ቋጠሮ በጣቷ ነካ ነካ አደረገችው።

"አሁኑኑ አነሳዋለሁ" አሉ እትዬ ዋጋነሽ። "በእኔ ብርድ ልብስ የተነሳ ሰው ከሰው ይቋረጥ?"

"ኧረ በጭራሽ፣ እንጀራሽ ነው። ሽቦውን ወደዚያኛው ጥግ አዞርልሻለሁ። ለጊዜው ይሄን ነብር ብቻ እናንሳው።"

ሦስት ሆነው እርጡቡን ብርድ ልብስ አወረዱት፤ የጋሽ ሙሐዲን ሱሪ እስከ ጉልበቱ ራሰ። ሲሃም ስልኳን አየት አድርጋ "መጣ" አለች። ጋሽ ሙሐዲን እጃቸውን ሳያደርቁ ደወሉ፤ ድምፁንም ለሁሉም እንዲሰማ አደረጉት።

"መኳንንት! አገኘነው! ብርድ ልብስ ነው!"

"የምን ብርድ ልብስ?"

ነገሩን ከነጥፋታቸው አስረዷቸው፤ ሽቦውን ማን እንዳሰረው እንኳን አልደበቁም። ከወዲያ ዝም አለ። ጋሽ ሙሐዲን ደንግጠው አንቴናውን አዩት፤ ምንም አልጋረደውም።

"መኳንንት፣ አለህ?"

"አለሁ። ታዲያ አንተ አልነበርክማ።"

"ምኑን?"

"የምትቆርጠው። ልበላህ ስል እኮ ነው ሁልጊዜ የሚጠፋው።"

"እኔ? እኔ ሽንፈት ፈርቼ ስልክ የምዘጋ ሰው ነኝ?" ጋሽ ሙሐዲን ጮኹ። ጩኸታቸው ግን ዕድሜ አልነበረውም። "እንዲያ ካሰብክ ለምን አልሰደብከኝም?"

"ብሰድብህና ብትቀርስ?" አሉ ጋሽ መኳንንት። "ግድ የለም፣ ይቁረጥ፤ ነገ መልሶ እስከ ደወለ ድረስ ይቁረጥ ብዬ ተውኩት። እዚህ ጨለማ ውስጥ ካንተ ሌላ ማን ይደውልልኛል?"

ጋሽ ሙሐዲን ታንከሩ ማቆሚያ ላይ ቁጭ አሉ። ይህ ጓደኛቸው ሁለት ወር ሙሉ አጭበርባሪ ነው ብሎ ጠርጥሯቸዋል፤ ጠርጥሯቸውም በየቀኑ ሰሌዳውን ዘርግቶ ሲጠብቃቸው ኖሯል። እትዬ ዋጋነሽ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። ሲሃም ጀርባዋን ሰጥታ፣ ልትፈታው የመጣችውን የአንቴናውን ብሎን በመፍቻዋ ታጠብቅ ነበር።

"መኳንንት" አሉ ጋሽ ሙሐዲን በመጨረሻ።

"ወይ።"

"በል ስደበኝ። የሁለት ወሩን ውዝፍ ሁሉ።"

ጋሽ መኳንንት ጉሮሯቸውን ጠረጉና ጀመሩ። ጋሽ ሙሐዲን አንዱም እንዳያመልጣቸው ስልኩን ወደ ጆሯቸው አስጠጉ።