ጮማ የተከለከለ ውሻ

ጠና ሆሳዕና መናኸሪያ አጠገብ ሥጋ ቤት ከከፈተ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። ውሻው ሻምበል ዘጠኙን ዓመት ደጃፉ ላይ ተኝቶ፣ ደንበኞች የሚወረውሩለትን ጮማ እየዋጠ ኖሯል። ጥቅምት መግቢያ ላይ ግን ያስመልሰው ጀመር። የፊት እግሮቹን መሬት ላይ ዘርግቶ፣ ወገቡን ወደ ላይ ሰቅሎ ያቃስታል።

«ቆሽቱ ነው» አለችው የእንስሳት ሐኪሟ ሀኒ፣ መርፌ ወግታው ስታበቃ።

«ቆሽትማ የኔም አሯል። ሕመሙን ንገሪኝ እንጂ።»

«እየነገርኩህ እኮ ነው ጋሼ። ቆሽቱ ቆስሏል፤ ስብ ሲበላ ይብስበታል። ከዛሬ ጀምሮ ጮማ የለም፣ ቅቤ የለም፣ መረቅ የለም። የተቀቀለ ሩዝና ስቡ ተለቅሞ የወጣለት ቀይ ሥጋ፣ ትንሽ ትንሽ፣ በቀን አራቴ። አንድ ቁራጭ ጮማ ሊገድለው ይችላል።»

ያቺ የመጨረሻ ቃል ጠናን ሰላም ነሳችው። ግድግዳው ላይ «ለውሻው ምንም አትስጡ» ብሎ ጻፈ፤ ደንበኞቹ «ሻምበል ጾም ያዘ እንዴ?» እያሉ ሳቁ። ጓሮ ቢያስረው ሲያላዝን ዋለ። ቤት ወስዶ ቢተወው ሚስቱ ሂሩት «አጥሩን ሊያፈርስ ነው!» ብላ ደወለች። መልሶ አመጣው። ከዚያ ወዲያ ሥጋ ሲቆርጥ አንድ ዓይኑ ቢላው ላይ፣ አንድ ዓይኑ ደጁ ላይ ሆነ። ኪሎ ላዘዘ ሰው ግማሽ መዝኖ ሸኘ፤ ጣቱንም ሁለቴ ቆረጠ።

በሁለተኛው ሳምንት ሐሙስ፣ ምሳ ሰዓት ላይ፣ ጋሽ ገብረ ሥላሴ የተለመደው ወንበራቸው ላይ ተቀምጠዋል። ጡረታ የወጡ የመሬት አስተዳደር ሹም ናቸው፤ ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ከረቡዕና ዓርብ በቀር ምሳቸው የጠና ጥብስ ነው። ጠና ከሚዛኑ ቀና ሲል እጃቸው ከጠረጴዛው ሥር ወረደች። ሻምበል ጅራቱን ቆላ።

ጠና ዘሎ ወጣ። «ምን አድርጌዎት ነው? ሊገድሉብኝ ነው እንዴ?»

ተመጋቢው ሁሉ ዞሮ አየ። ውሻው ግን ጮማውን ውጦታል።

«ቅረበኝ» አሉት ሽማግሌው ዝግ ብለው። «ጥርስ የለኝም ጠና፤ ካለቀ ሰነበተ። እሱ ካልበላልኝ ሳህኔ እንደመጣ ይመለሳል።»

«ታዲያ ክትፎ ቢያዙኝ ምን ነበረበት?»

«አሥር ዓመት ጥብስ አምጣ ያልኩ ሰውዬ ዛሬ ክትፎ ብል ማን ዝም ይለኛል? መምጣቱን ብተወው ደግሞ የት ልሄድ ነው?»

ጠና ቢላው አሁንም እጁ ላይ እንዳለ ያየው ያኔ ነው።

አሥር ሰዓት ሳይሞላ ሻምበል ወደቀ። ግሉኮስ ተሰክቶለት ክሊኒክ ተኛ። ጠና በክሊኒኩና በሥጋ ቤቱ መሀል ተመላለሰ፤ የትም ቢቀመጥ ወንበሩ ይቆረቁረዋል። ጋሽ ገብረ ሥላሴም ቀሩ። ስለ ውሻው መጨነቁን ሲያበቃ ሽማግሌውን በሰው ፊት ማዋረዱ ትዝ ይለውና ይነሳል፤ ደጅ ወጥቶ መንገዱን አይቶ ይመለሳል።

ሰኞ ሻምበል ቆዳው ላልቶ ተመለሰ። ማክሰኞ ጠና ሽማግሌው ቤት ሄዶ አንኳኳ።

ከሰላምታ በፊት «ሞተ?» አሉት።

«ድኗል። ምሳ እየጠበቅኩዎት ነው።»

«አፍሬያለሁ፣ ልጄ።»

«እኔም አፍሬያለሁ። ይምጡ።»

መጡ። ጠና ሳያዝዙት ቀይ ሥጋ አድቅቆ ከትፎ ጠበሰላቸው። «ዛሬ ቢላዬ እንዲህ ነው የሚቆርጠው!» አለ፣ ሌሎቹ እንዲሰሙ ጮክ ብሎ። ሽማግሌው ሳህኑን ጨረሱት። ሻምበል አፍ አፋቸውን እያየ ምራቁን አዝረከረከ፤ የደረሰው ግን ሩዙ ብቻ ነበር።

ጥቅምት ሲያልቅ ጠና በሬ ሊገዛ ጃጁራ ገበያ ሄደ። ውሻውን፣ የተቀቀለውን ሩዝና ቀይ ሥጋውን ለጋሽ ገብረ ሥላሴ ትቶላቸው ነበር። ገበያው መሀል ሳለ ለሦስተኛ ጊዜ ደወለ።

«የአራት ሰዓቱን ሰጡት? ስቡን አይተውታል? ሰውስ አልወረወረለትም?»

«በልቷል፤ እግሬ ሥር ተኝቷል» አሉት። «አንተ በሬህን ግዛ።»