በሰንበት የተደፈነ ጉድጓድ

እኔ አንዳርጌ ቶሎ የምገነፍል ሰው ነኝ፤ ሚስቴም ትመስክር። የዘንድሮው ንዴቴ ግን የጠባይ አይደለም፣ ሰው ያመጣብኝ ነው። ሰምታችሁ ፍረዱ።

የኛ ቀበሌ፣ ቁሐር ሚካኤል፣ ክረምት ሲገባ ውኃ ይተኛበታል። ሩዙስ ውኃውን ይወደዋል፤ ከብቱ የት ይግባ? ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ ከብታችንን የምናወጣባት አንዲት ጉብታ አለች። የማንም አይደለችም፣ የሁላችንም ናት። ሜዳው ሲሞላ የመንደሩ ከብት እሷ ላይ ይከርማል። እሷ ከሌለች ከብት የለንም፣ በቃ።

በበጋው ከወረታ ሀይለየሱስ የሚባል ነጋዴ መጣ። የጌጥ ድንጋይ ልፈልግ ፈቃድ ይዣለሁ አለ። ወረቀቱን አየን፣ ማኅተም አለው፤ መሬቱ የመንግሥት ነው ከተባልን ምን እንበል? ሠራተኞቹን አምጥቶ ጉብታዋን ሰባት ቦታ ቆፈራት፣ አንዱ ጉድጓድ ሰው ከነቁመቱ ይውጣል። የፈለገውን አላገኘም መሰል፣ አንድ ቀን አካፋውን ሰብስቦ ሄደ። ጉድጓዶቹን እንደከፈታቸው።

ብዙም ሳይቆይ የገላነሽ ጊደር ገባችበት። ገላነሽ ባሏ የሞተባት ጎረቤቴ ናት፤ ያቺ ጊደር ነበረች ተስፋዋ። በጠፍር ጎትተን ስናወጣት እግሯ ተሰብሯል፣ ታረደች። ገላነሽ አላለቀሰችም። «አያ አንዳርጌ፣ ይኸ በደረቁ ነው። ክረምት ውኃ ሞልቶት ከብቱ ልጠጣ ሲል ስንቱ ሊገባ ነው?» አለችኝ። እውነቷን ነው።

ወረታ ሄድኩ። ፈቃድ የሚሰጠው ቢሮ ውስጥ አለምነህ የሚባል ልጅ አለ፤ ከሌላ ዞን ተመድቦ የመጣ ነው። ሰው አክባሪ ነው፣ እሱን አልክደውም። «አባቴ፣ ይቀመጡ» አለኝ። የቆፈረ ሰው መልሶ ይድፈን ይላል ደንቡ አለኝ። ደስ አለኝ።

«እንግዲያስ በለው፣ ይድፈን» አልኩት።

«ችግሩ የአቶ ሀይለየሱስ ፈቃድ ጊዜው አልፏል። ያለ ፈቃድ አካፋ ይዞ እዚያ ቢገኝ ሕገ ወጥ ቁፋሮ ነው የሚባለው።»

«ያሳድሳ።»

«ጉድጓዱን ሳይደፍን አይታደስለትም።»

ፊቱን አየሁት። የሚቀልድ መስሎኝ ነበር። አይቀልድም።

«በል እኛው እንድፈነው» አልኩ።

«ኸረ እንዳትነኩት አባቴ። ቢሮው አይቶ እስኪረከብ ድረስ የፍለጋ ቦታ ነው። የነካ ሰው ይጠየቃል።»

«መቼ ነው የምትረከቡት?»

«መኪና ሲገኝ።»

እኔ እኮ ከዚያው በእግሬ መጥቼ ነው ፊቱ የተቀመጥኩት። ይኸን አልኩት፤ ፈገግ አለ። ከዚያ ወዲያ ስመላለስ ከረምኩ። አንድ ቀን ስብሰባ ነው፣ አንድ ቀን ሥልጠና ነው፣ አንድ ቀን ነዳጅ የለም። ሀይለየሱስንም ሱቁ ድረስ ሄጄ ያዝኩት፤ «እኔ ሕግ አልጥስም» ብሎኝ እርፍ። ጉብታችንን ወንፊት ያደረገ ሰው እንዲህ ሲለኝ ደሜ ፈላ። ሻይ ልጋብዝህ አለኝ ደግሞ። ጥዬው ወጣሁ።

ሰኔ ገባ፣ ዝናቡ ጀመረ። መንደሩ ተሰብስቦ መከረ፤ ሕጉ የፈለገውን ይበል፣ እንድፈነው ተባለ። ግን መቼ? በሰኔ ሰው ሁሉ ማሳው ላይ ነው፣ ጥማድ የሚፈታው ለሰንበት ነው። በሰንበት ደግሞ አፈር አይቆፈርም። ቄስ ቢሻው ዘንድ ሄድን። አሰቡ አሰቡና፣ «ለራስ ከሆነ አይቻልም፤ ለሁሉ ከሆነ ይሁን» አሉ። «ግን እኔ ነኝ የደፈንኩት፣ እከሌ ነው የደፈነው ብሎ የሚያወራ እንዳይኖር። በሰንበት ተሠርቶ ስም ከወጣበት ለራስ ተሠራ ማለት ነው። ገዝቻለሁ።»

የቄስ ግዝት ነው፣ የሚቀለድበት አይደለም። ሁላችንም አሜን አልን።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ወጣን። ወንዱ በአካፋ፣ ሴቱ በቅርጫት፤ አንዷ፣ ስሟ ይቅር፣ የሰው ሁለት እጥፍ ስትሸከም ዋለች፣ ተይ ብንላት አልሰማ አለች። ጀንበር ሳትጠልቅ ሰባቱም ሞልተው በእግራችን ጠቀጠቅናቸው። ዘንድሮ ደስ ብሎኝ ያደርኩት ያን ቀን ብቻ ነው።

ሀይለየሱስ መደፈኑን ሰማ። ለቢሮው የጠፋው መኪና ለሱ አልጠፋም፤ ሳምንት ሳይሞላ አለምነህን በራሱ መኪና ጭኖ ከች አለ። አለምነህ እየዞረ አየ፣ ረገጠ፣ ጎንበስ ብሎ አፈሩን ነካ።

«ማን ነው የደፈነው?» አለ።

ግዝቱ አለብን፤ ተያየን።

«እኔ ነኝ ያስደፈንኩት» አለ ሀይለየሱስ፣ ዓይኑን በጨው ታጥቦ።

አለምነህ ትንሽ አመነታ። ፈቃድህ አልፎ ሳለ እንዴት ገባህ ሊለው ነበር መሰለኝ። ግን ጉድጓዱ ተደፍኗል፣ ፋይሉ ሊዘጋለት ነው፤ ዋጠው። ወደኛ ዞሮ፣ «የሚቃወም አለ?» አለ። መንደሩ በሙሉ መሬት መሬቱን ያያል። ገላነሽ የነጠላዋን ጫፍ ነክሳለች። እኔ ልፈነዳ ነው፤ ነገሩ አፌ ላይ እየደረሰ ይመለሳል። ግዝቱ ባይኖር ያን ሰውዬ በዚያች ሰዓት ምን እንደምለው እኔ ነኝ የማውቀው።

ፈቃዱ ታደሰለት። ሠራተኞቹ ወዲያው ተመልሰው ከደፈንነው አጠገብ አዲስ መቆፈር ጀመሩ፤ ጉድጓዱ ገና ጉልበት ባይደርስም ከብት አላስጠጋ አሉ። ሜዳው ውኃ ይዟል፣ ከብቱ ጭቃ ውስጥ ቆሞ ይጮኻል፣ የሚወጣበት የለውም።

ቄስ ቢሻው ዘንድ ሄድኩ። «አባ፣ ግዝቱን ይፍቱልኝ፣ ቢሮ ሄጄ ልናገር» አልኳቸው። ወደ ሜዳው አዩ። የሳቸውም ላም ጭቃ ውስጥ ናት።

«አንተን ፈትቼሃለሁ» አሉ በመጨረሻ። «ስለ ራስህ ተናገር። የሌላ ሰው ስም ግን ካፍህ እንዳይወጣ። እነሱ እንደታሰሩ ናቸው።»

ወረታ ስደርስ እግሬን እንኳ አልታጠብኩም፣ ከነጭቃዬ ገባሁ። «ሀይለየሱስ አንዲት አካፋ አፈር አልመለሰም። እኔ ነኝ የደፈንኩት» አልኩት አለምነህን።

ተነሥቶ በሩን ዘጋ። «አባቴ፣ ይኸን ከጻፍኩ የሱ ፈቃድ በውሸት የታደሰ ይሆናል። ዛሬውኑ ይታገዳል፣ ቁፋሮውም ይቆማል። ግን እርስዎም ቢሮው ሳይረከብ ቦታውን ነክተዋል፤ ይከሰሳሉ። ምናለ ቢቀርብዎት?»

«ከብቶቹ ነገ ይወጣሉ?»

«ሰዎቹ ከለቀቁ ማን ይከለክላቸዋል።»

«ጻፍ።»

ብዕሩን አነሳ። «ከነማን ጋር ነበሩ?»

«ብቻዬን።»

«ሰባቱንም?»

«ሰባቱንም።»

ብዕሩን መልሶ አስቀመጠው። «የብዙ ሰው እግር ነበር የረገጠው» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «የሴት እግር፣ የወንድ እግር፣ ሁሉም ባዶ እግር። የአቶ ሀይለየሱስ ሠራተኞች ቦቲ ጫማ ነው የሚያደርጉት። ያን ዕለት አይቻለሁ።»

«እኔን አፌን የያዘኝ የቄስ ግዝት ነው» አልኩት። «አንተን ማን ገዝቶህ ነው?»

ብዕሩን እንደገና አነሳ። ስሜን ከነአባቴ ጻፈ፤ ከሥሩ «ብቻውን» ብሎ ጨመረና እንድፈርም ወረቀቱን ወደኔ ገፋው።