መዞር ያልለመዱ በሬዎች

የስንዴ መውቂያው ማሽን በሽማግሌው ፋንታ አውድማ ላይ ተበላሽቶ ከቆመ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ዘንጉ የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ ተቃጥሏል። ማሽኑን የሚያንቀሳቅሰው የይርጋነሽ ልጅ ስጦታው፣ መለዋወጫውን ቢቸና ቢያጣው ወደ ሞጣ ሄደ። ሲሄድ ግን እናቱን፣ «ግራሶ መቀባቱን ረስቼ እኮ ነው የተቃጠለው። በምን ዓይኔ ሰው አያለሁ?» ብሏት ነበር። ይቺ ቃል እንቅልፍ ነሳቻት። ሰው አፍሮ በዚያው ቢቀርስ?

ሰማዩም ያለ ወሩ ደመና ቋጠረ። ይርጋነሽ ሁለቱን በሬዎቿን እየነዳች ከፋንታ አውድማ ደረሰች። ሽማግሌው ክምራቸው ሥር ተክዘው ተቀምጠዋል።

«አያ ፋንታ፣ ዝናቡ ሳይቀድመን በበሬ እንውቃው።»

«ልጅሽ የበሬ ዘመን አለፈ ሲል አልነበር?»

«ብሏል። ልጅ ነው፤ ይቅር ይበሉት።»

ፋንታ ተነሥተው ነዶውን መበተን ጀመሩ።

በሬዎቹ ማሽን ከገባ ወዲህ ያደጉ ናቸው፤ ከትልም በቀር የሚያውቁት የለም። ቀጥ ብለው ሄደው ከአውድማው ወጡ። ቢመልሷቸው በሌላው በኩል ወጡ።

«እነዚህስ ልጅሽን ፍለጋ ሞጣ ሊሄዱ ነው!» ብለው ፋንታ ሳቁ። አሮጊት ላማቸውን አምጥተው በውስጥ በኩል ከበሬዎቹ ጎን አሰሯት። ላሚቱ ሥራውን ከድሮም ታውቀዋለች፤ አንገቷን ደፍታ መዞር ጀመረች። በሬዎቹም እየተደናገሩ አብረዋት ዞሩ።

ከሰዓት በኋላ ስጦታው ኩሽኔታውን በፌስታል አንጠልጥሎ ብቅ አለ። አውድማውን ሲያይ ባለበት ቆመ፤ ወደፊትም ወደኋላም አላለም። ይርጋነሽ ልትጠራው አፏን ከፈተችና ተወችው። የእናት ጥሪ እንደማይበቃው ታውቃለች። ፋንታን አየቻቸው።

ሽማግሌው ልጁን አዩት፤ እሷንም አዩ።

«አንተ መካኒክ! የእናትህ በሬዎች ሊገድሉኝ ነው። ጫማህን አውልቅና ግባ፤ ማሽኑ ነገ ይደርሳል።»

ስጦታው ጎንበስ ብሎ ጫማውን ፈታ። «አባባ ፋንታ፣ ጥፋቱ የኔ...»

«ወጣልህ በሬው! ያዘው!»

ሮጦ ያዘው። ከብቶቹን እየነዳ ዞሮ ዞሮ እናቱ አጠገብ ሲደርስ፣ ቀስ ብሎ «እማ፣ ምሳ በልተሻል?» አላት።

አልበላችም። ለካስ እንዲህ ርቧት ኖሯል።