ሚዛን ያልነካው ጭነት

ኤድቪና ከሚዛኑ ወደ አውሮፕላኑ፣ ከአውሮፕላኑ ወደ ሚዛኑ ስትመላለስ አረፋፈደች። በዚያ ቤኒ በሚባል ሜዳማ አገር መኪና የሚያስገባ መንገድ የለም፤ የታረደው ከብት ተራራውን ተሻግሮ ላፓስ ከተማ የሚደርሰው በአየር ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሥጋውን የመዘነችው እሷ ናት። ያ አሮጌ አውሮፕላን ከአምስት ሺህ ኪሎ በላይ ከጫነ ተራራውን አያልፍም፤ አለቀ። አብራሪው ደግሞ ታናሽ ወንድሟ ሮሙሎ ነው።

ሥጋው ልክ አምስት ሺህ ኪሎ ሆኖ እንደተጫነ የወታደር ካሚዮን መጣ። ኮሎኔል አንቴሳና ሃያ ጆንያ ከሥጋው ሥር እንዲሸጎጥ አዘዘ። የኮንትሮባንዲስቱ የኔሜስዮ ኮኬይን መሆኑን ከተማው ሁሉ ያውቃል። አምና ጫካ ለጫካ ሲሽሎከሎክ የነበረ ሰውዬ፣ ወታደሮቹ ሥልጣን ከያዙ ወዲህ ዕቃው በመንግሥት መኪና ይጓዝለታል። ጉድ እኮ ነው!

«ይመዘን እንጂ!» አለች ኤድቪና።

«የሚኒስትሩ ደብዳቤ አለ። ይህ ጭነት አይፈተሽም፣ አይመዘንም።»

«ታዲያ አውሮፕላኑን ደብዳቤው ያነሳዋል?»

ወታደሮቹ ሳቁ። ኮሎኔሉ አልሳቀም።

ጎማዎቹን ስታይ ተጨፍልቀዋል። በአብራሪው መስኮት ሥር ቆማ «ሮሙሎ፣ ወንድምዓለም፣ ውረድ። አመመኝ በል» አለችው።

«ባለፈው ወር አልበርም ያለው ሰው የት ገባ?» አለ በሹክሹክታ። «ተይኝ እህቴ፣ ዕድሌን ልሞክር።»

«ዕድልህ ገደል ይግባ!»

ጆንያውን ብትነካ ይተኩሳሉ። ሥጋውን ግን ማን ይከለክላታል? ዘላ ገብታ የበሬውን ጭን እየጎተተች ወደ ሣሩ ትወረውር ጀመር። ሥጋ ነጋዴዎቹ «ኧረ አበደች! ያዟት!» እያሉ ጮኹ። ጎማዎቹ ቀና እስኪሉ አላቆመችም። አውሮፕላኑ ዛፎቹን አልፎ ሲወጣ መሬት ላይ ዘጭ ብላ «ተመስገን!» እያለች አለቀሰች።

ኮሎኔሉ ዝንብ የወረረውን ሥጋ እየተራመደ መጣ። «ነጋዴዎቹን እንዴት እንደማባርር ሳስብ ነበር የከረምኩት። አንቺ ባንዴ ገላገልሽኝ» አላት። «ከነገ ጀምሮ ሥጋ አይጫንም። የአውሮፕላኑን ሆድ በጆንያ እንሞላዋለን።»

«አብራሪውስ?»

«ወንድምሽ ነዋ! በየቀኑ ይበራል።»

ነጋዴዎቹ ቆመው ያዩዋታል። ኤድቪና ተነሥታ በደም የጨቀየ እጇን በቀሚሷ ጠረገች።

«እንግዲያው ጆንያውን እኔ ልመዝነው» አለች። «ከአምስት ሺህ ኪሎ እንዳያልፍ በየቀኑ እኔው ልመዝነው፣ እባክዎ ኮሎኔል።»

ኔሜስዮ ዘንድ ሥራ የገባችው እንዲህ ለምና ነው።